የቆሰለች ሚዳቋ ዱካ፦ ያቆሰለ ይከተል፣ ያየ ይደውል

“የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም” ይላል የአገራችን ሰው። ይህ አባባል አብዛኛውን ጊዜ የሚነገረው ሰውና ሰው ሲቀያየም ነው። ቃሉን እንዳለ ብንወስደው ግን ለአዳኝም ይሠራል። ቀስቱን ስቦ ፍላጻ የለቀቀ ሰው ቢመሽበት ወደ ቤቱ ይገባል፣ እራቱን ይበላል፣ ይተኛል። ፍላጻው ያገኛት ሚዳቋ ግን ቁስሏን ይዛ ጫካ ገብታለች። ታዲያ ማን ይከተላት? ዛሬ የምንነጋገረው በዚህ ጉዳይ ላይ ነው።

በቤኤር ቱቪያ፣ በኪርያት ማላኺ፣ በጌዴራና በያቭኔ የምትኖሩ ክቡራን አባቶችና እናቶች “እኛ ደግሞ ከአደን ጋር ምን አገናኘን?” ትሉ ይሆናል። ልክ ናችሁ። በዚህ አገር ሚዳቋ ማደን በሕግ የተከለከለ ነው። ነገር ግን ሚዳቋ ያለ አዳኝም ትቆስላለች። መኪና ይገጫታል፣ ውሻ ይነክሳታል፣ የሽቦ አጥር ይይዛታል። የቆሰለች እንስሳ ዱካ አይቶ ምን እንደደረሰባት ማወቅ ደግሞ ከብት ጠብቆ ያደገ ሰው የሚያውቀው ነገር ነው። ይህ እውቀት ለልጅ ልጆቻችን ካልተላለፈ ከእኛ ጋር ይቀራል። ስለዚህ መጀመሪያ በቀስት የሚያድኑ ሰዎች ዱካ እንዴት እንደሚከተሉ እንይ፣ ቀጥሎ ኦሪት ስለ ታደነ እንስሳ ደም ምን እንደምታዝ፣ በመጨረሻም እዚህ በሰፈራችን የቆሰለች ሚዳቋ ስናይ ምን ማድረግ እንዳለብን።

ፍላጻ እንደ ጥይት አይደለም

ጥይት በኃይሉ አጥንት ይሰብራል፣ እንስሳውንም ብዙ ጊዜ እዚያው ይጥላል። ፍላጻ ግን የሚገድለው ደም በማፍሰስ ነው። ጫፉ ላይ ያለው ስለት ልብን ወይም ሁለቱን ሳንባዎች ካገኘ እንስሳዋ ፈጥና ትወድቃለች። እንዲያም ሆኖ ከመውደቋ በፊት መቶ ሜትርና ከዚያም በላይ ልትሮጥ ትችላለች። ፍላጻው ትንሽ ከሳተና ጉበት ወይም ሆድ ላይ ካረፈ ደግሞ ሰዓታት ይፈጃል። ስለዚህ በቀስት ለሚያድን ሰው ትልቁ ሥራ የሚጀምረው ፍላጻው ከተለቀቀ በኋላ ነው።

በአሜሪካ ዛሬ በሁሉም ክፍለ ግዛቶች አጋዘን በቀስት ማደን ይፈቀዳል። ዊስኮንሲን የተባለው ግዛት ለቀስተኞች ብቻ የአደን ወቅት የከፈተው በ1934 ነበር። ብሪታንያና ጀርመን ግን አጋዘን በቀስት ማደንን ከልክለዋል። ዴንማርክ ደግሞ ትፈቅዳለች። ክርክሩ ሁልጊዜ አንድ ነው፤ ቆስላ የጠፋችው እንስሳ ጉዳይ። የሚቃወሙት ሰዎች “ስቃይዋ ይረዝማል” ይላሉ። የሚደግፉት ደግሞ “የሠለጠነ ሰው ከቅርብ ይመታል፣ ከመታም ፈልጎ ያገኛል” ብለው ይመልሳሉ። እንግዲህ ሁለቱም ወገኖች የሚስማሙበት ነገር አለ፤ መታ ያለ ሰው መፈለግ አለበት።

ደሙ ምን ይናገራል?

ልምድ ያለው አዳኝ ወደ ቆሰለችው እንስሳ ሮጦ አይሄድም። መጀመሪያ የቆመችበትን ቦታ በዓይኑ ይይዛል። ስትመታ እንዴት እንደሆነችም ያስታውሳል። በኋላ እግሯ ተራግጣ ከሮጠች ደረቷ ላይ ተመታ ይሆናል። ጀርባዋን አጉብጣ ቀስ ብላ ከሄደች ሆዷ ላይ መሆኑን ይጠረጥራል። ከዚያ ፍላጻውን ፈልጎ ያያል፤ ፍላጻው ብዙ ጊዜ አልፎ መሬት ላይ ይገኛልና።

ደማቅ ቀይ ሆኖ ትንንሽ አረፋ ያለው ደም ከሳንባ የመጣ ነው። ጥቁር ቀይ ከሆነ የጉበት ነው። ፈርስ የተቀላቀለበት፣ የሚሸትና አረንጓዴ ነገር ያለበት ከሆነ ሆዷ ተበስቷል። ከብት አርዶ የሚያውቅ ሰው ይህን ለመለየት አስተማሪ አያስፈልገውም። ሌላም አለ፤ መጀመሪያ ብዙ ፈስሶ ጥቂት ቆይቶ የሚቋረጥ ደማቅ ደም ከሥጋ ብቻ የመጣ ሊሆን ይችላል። እንዲህ ያለችው እንስሳ ብዙ ጊዜ ትድናለች።

የደሙ ቦታም ይናገራል። ሣሩ ላይ ወደ ላይ ከፍ ብሎ የተቀባ ደም ቁስሉ በምን ያህል ከፍታ ላይ እንዳለ ያሳያል። በግራና በቀኝ በኩል ደም ካለ ፍላጻው አልፎ ወጥቷል ማለት ነው። መሬት ላይ የወደቀ የደም ጠብታ ጫፉ የሚሾለው እንስሳዋ ወደ ሄደችበት አቅጣጫ ነው። ደም በሌለበት ቦታ ኮቴዋ አለ። ስትሮጥ ሁለቱ ጥፍሮች ይከፈታሉ፣ ጫፋቸውም ወደ መሬት ጠልቆ ይገባል። አንድ እግሯ ከተጎዳ ደግሞ የጎተተችበት መስመር ይታያል።

ዱካ ተከታዩ በዱካው ላይ አይረግጥም፣ በጎኑ ይሄዳል። የመጨረሻውን ደም ባየበት ቦታ ላይ ምልክት ያኖራል፤ ወረቀት ወይም የተሰበረ ቅርንጫፍ ይበቃል። ደሙ ቢጠፋበት ወደዚያ ምልክት ይመለስና ክቡን እያሰፋ ይዞራል። ዞር ብሎ ምልክቶቹን ሲያይ መስመሩ ይገለጥለታል፣ ወዴት እንዳቀናችም ይገምታል። የቆሰለች እንስሳ ብዙ ጊዜ ጥቅጥቅ ያለ ቁጥቋጦ ወይም ውኃ ያለበትን ቦታ ትመርጣለች። በሬ ጠፍቶበት ሸለቆ ለሸለቆ የፈለገ ሰው ይህን ሁሉ ያውቀዋል። ልዩነቱ ደሙ ብቻ ነው።

መጠበቅም ሥራ ነው

ጀማሪን የሚያሳስተው ግን ዓይኑ አይደለም፣ ችኮላው ነው። “የቸኮለች አፍሳ ለቀመች” እንደሚባለው ነው። ሳንባዋ የተመታ እንስሳ ከሆነች ግማሽ ሰዓት መጠበቅ ይመከራል። ጉበቷ ከሆነ ከ4 እስከ 6 ሰዓት። ሆዷ ከሆነ ከ8 እስከ 12 ሰዓት ይጠበቃል።

ይህ ለሚሰማው ሰው ጭካኔ ይመስላል። “እየተሰቃየች ቁጭ ብሎ መጠበቅ ምን ይባላል?” ያሰኛል። ምክንያቱ ግን ተቃራኒው ነው። የቆሰለች እንስሳ የሚከተላት ከሌለ ብዙ ሩቅ ሳትሄድ ትተኛለች። ተኝታ ደሟ ይፈስሳል፣ ትደክማለች፣ በጸጥታ ትሞታለች። ሰው ኮቴ ከሰማች ግን በድንጋጤ ተነስታ ባላት ኃይል ሁሉ ትሸሻለች። ያን ጊዜ ኪሎ ሜትሮች ትሄድና ዱካዋም ይጠፋል፣ ስቃይዋም ይረዝማል። ይህን ነገር ልብ በሉልኝ። በኋላ በመንገድ ዳር ስለተገጨች ሚዳቋ ስንነጋገር እንመለስበታለን።

የመጠበቅን ጥበብ ከማንም በላይ የሚያውቁት በደቡብ አፍሪካ ምድር፣ በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩት የሳን ሕዝቦች ናቸው። ፍላጻቸው ትንሽና ቀላል ነው፣ በራሱ አይገድልም። ከአንድ ዓይነት ጥንዚዛ እጭ የሚያወጡትን መርዝ ይቀቡታል። መርዙ እንደ እንስሳው ትልቅነት ሰዓታት፣ አንዳንዴም ከአንድ ቀን በላይ ይፈጃል። አዳኞቹ የተመታችውን እንስሳ ኮቴ ከመንጋው መካከል ለይተው ይይዛሉ፣ ያድራሉ፣ በማግሥቱ ይከተሏታል። በምሥራቅ አፍሪካም ከመረንዝ ዛፍ የሚወጣ መርዝ ለፍላጻ ሲያገለግል ኖሯል። በእነዚህ ሁሉ ዘንድ ፍላጻ መወርወር የሥራው ትንሹ ክፍል ነው፤ ሰው የሚመሰገነው ዱካውን እስከ መጨረሻው በመከተሉ ነው።

ያቆሰለ እንደ ገደለ ይቆጠራል

በዘመናዊ ሕግም ይህ ሐሳብ ገብቷል። በጀርመን የቆሰለን እንስሳ ሳይፈልጉ መተው ያስቀጣል። ለዚሁ ሥራ ብቻ የሚሠለጥኑ፣ በገመድ ተይዘው የደም ሽታ የሚከተሉ ውሾችም አሉ። በአፍሪካ አገሮች ፈቃድ ከፍለው የሚያድኑ የውጭ ሰዎች ዘንድ ደግሞ የታወቀ ደንብ አለ። እንስሳው ቆስሎ ከጠፋ እንደተገደለ ይቆጠራል፣ ሰውየውም ሙሉውን ዋጋ ይከፍላል። “አላገኘሁትም” ብሎ ሌላ መግደል የለም። ደሙ ከፈሰሰ ሂሳቡ ተዘግቷል።

ኢትዮጵያም የአደን ሕግ ካወጣች ብዙ ዘመን ሆኗታል። በ1944 በንጉሠ ነገሥቱ መንግሥት ዘመን የወጣው የአውሬ ጥበቃ አዋጅ አንዱ ነው። ብዙዎቻችሁ የምታውቁት ሰሜን ተራራ ላይ ያለው ዋልያ በዓለም ላይ ሌላ መኖሪያ የለውም። ጠመንጃ በበዛበት ዘመን ቁጥሩ እጅግ ተመናምኖ ነበር። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ በ1969 በሕግ ታወጀ፣ በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዘገበ። በ1996 አደጋ ላይ ካሉት ቅርሶች ዝርዝር ውስጥ ገባ፣ በ2017 ከዝርዝሩ ወጣ። የአንድ ትውልድ ተኩስ ያጠፋውን ለመመለስ ስንት ዓመት እንደሚፈጅ ከዚህ ማየት ይቻላል።

ኦሪት ስለ ታደነ ደም

አሁን ወደ ኦሪት እንምጣ። በኦሪት አዳኞች አሉ። ናምሩድ አዳኝ ነበር። እስማኤል በምድረ በዳ ቀስተኛ ሆኖ አደገ። ይስሐቅም ዓይኑ ከፈዘዘ በኋላ ኤሳውን ማኅደሩንና ቀስቱን ይዞ እንዲያድንለት ላከው። ያዕቆብ ግን በድንኳን የሚቀመጥ እረኛ ነበር፣ በረከቱም ለእሱ ሆነ። የእኛ አባቶችም ገበሬዎች፣ እረኞች፣ አንጥረኞች ነበሩ እንጂ በአደን አይኖሩም ነበር።

ሚዳቋና ዋላ በኦሪት ዘዳግም ምዕራፍ 14 ከንጹሐን እንስሳት ጋር ተቆጥረዋል። ሰኮናቸው የተሰነጠቀ ነው፣ ያመሰኳሉ። ነገር ግን ንጹሕ መሆን ብቻውን አይበቃም። በአውሬ የተሰበረ አይበላም፣ ሞቶ የተገኘም አይበላም። እንስሳው በቢላዋ መታረድ አለበት። በፍላጻ ወይም በጥይት የሞተች ሚዳቋ ለአይሁዳዊ ምግብ አትሆንም። ቆስላ ገና በሕይወት ሳለች ቢደርሱባት እንኳ ቁስሏ የሚገድል ከሆነ አትበላም። የእኛ ሰው በአገር ቤት ሳለ በራሱ ወገን ያልታረደ ሥጋ አልበላም ብሎ ስንት ድግስ ላይ ጾሙን ተመልሷል! ስለዚህ ይህ ሕግ ለእናንተ እንግዳ አይደለም።

ወደ ጉዳያችን የሚያመጣን ግን ኦሪት ዘሌዋውያን ምዕራፍ 17 ነው። እዚያ ላይ የሚበላ አውሬ ወይም ወፍ አድኖ የያዘ ሰው ደሙን እንዲያፈስስና በአፈር እንዲሸፍነው ታዟል። ምክንያቱም ነፍስ በደም ውስጥ ናት። በሬና በግ ሲታረድ ደም የመሸፈን ትእዛዝ የለም፤ ለአውሬና ለወፍ ነው። ለምን እንደሆነ ሊቃውንት ብዙ ተናግረዋል። እኛ ግን አንድ ቀላል ነገር እንመለከታለን። ደሙን በአፈር ለመሸፈን ሰውየው እንስሳው አጠገብ መድረስ አለበት። ከሩቅ ወግቶ የሄደ ሰው ምንም ሊሸፍን አይችልም። የበረሃ እንስሳ ባለቤት የላትም፣ እረኛ የላትም፣ የሚጠይቅላት የለም። ቢሆንም ደሟ ዝም ተብሎ እንዲፈስ አልተፈቀደም። ነፍስ ወስጄአለሁ ብሎ ጎንበስ ብሎ አፈር የሚመልስ ሰው ያስፈልጋል።

በዚህች ምድር የሆነው

በዚህች ምድርም ያለ ልክ ታድኗል። በቀርሜሎስ ተራራ ላይ ይኖር የነበረው ትንሹ አጋዘን፣ በዕብራይስጥ “አያል ሃካርሜል” የሚባለው፣ የመጨረሻው በ1912 ተገድሎ ጠፋ። “ያኽሙር” የሚባለው ትልቁ ዋላም ከምድሪቱ ጠፍቶ ነበር። በ1978 መጨረሻ፣ የኢራን ሻህ ከመውደቁ ጥቂት ቀደም ብሎ፣ አራት እንስት ያኽሙሮች ከኢራን በኤል አል አውሮፕላን መጡ። በቀርሜሎስ በሚገኘው ሃይ ባር ተራቡ። ከ1996 ጀምሮ በገሊላ ወደ ዱር ተለቀቁ፣ ቀጥሎም በኢየሩሳሌም አካባቢ በሶሬቅ ሸለቆ። የሶሬቅ ወንዝ ከዚያ ወርዶ በያቭኔ አጠገብ አልፎ ወደ ባሕር እንደሚገባ የያቭኔ ሰዎች ታውቃላችሁ።

ሚዳቋዋ፣ በዕብራይስጥ “ትስቪ” የምትባለው፣ ከመጥፋት ለጥቂት ተርፋለች። መንግሥት ሲቋቋም እጅግ ጥቂት ቀርታ ነበር። በ1955 የዱር እንስሳት ጥበቃ ሕግ ወጣና ማደኗ ተከለከለ፣ ቁጥሯም አገገመ። ዛሬ ግን እንደገና አደጋ ላይ ካሉ እንስሳት ተርታ ናት። በቅርብ ዓመታት በአገሩ ሁሉ የሚገመተው ወደ 5,000 ገደማ ነው። በኢየሩሳሌም መሐል “ኤሜክ ሃትስቫይም” የሚባል ሸለቆ አለ። በዙሪያው ክቪሽና ሕንፃ ሲከበው እዚያ የነበሩት ሚዳቋዎች በመኪናና በውሻ አለቁ፣ ሦስት ያህል ብቻ ቀሩ። የሰፈሩ ነዋሪዎች ለዓመታት ታግለው ቦታው በ2015 የሚዳቋ መናፈሻ ሆኖ ተከፈተ። ባለሥልጣን ብቻውን አይደለም ያዳናቸው፣ ጎረቤት ነው።

የቆሰለች ሚዳቋ ብታዩ

በእኛ አካባቢ ክቪሽ 40 በጌዴራና በኪርያት ማላኺ በኩል ያልፋል፣ ክቪሽ 6 ደግሞ በምሥራቅ በኩል ነው። ከዚያ ወዲያ የሽፌላ ኮረብታዎች ይጀምራሉ፣ እዚያም ሚዳቋ አለች። በማለዳ የእግር ጉዞ ስትወጡ ወይም በመኪና ስታልፉ የቆሰለች ብታዩ የሚከተለውን አስታውሱ።

አንደኛ፣ አታባሯት። ከላይ ስለ መጠበቅ ያልነው እዚህም ይሠራል። ሚዳቋ በጣም ደንጋጣ ናት። ቁስሏ ቀላል ቢሆን እንኳ በመባረርና በመያዝ ድንጋጤ ብቻ ጡንቻዋ ተጎድቶ ልትሞት ትችላለች። ራቅ ብላችሁ ቁሙ፣ ልጆችንና ውሻን አርቁ፣ ድምፅ ቀንሱ።

ሁለተኛ፣ በባዶ እጅ አትንኩ። ቀንድ አላት፣ የእብድ ውሻ በሽታም በዚህ አገር አለ። ውኃ ልስጣት፣ ምግብ ልስጣት ማለትም ይቅር።

ሦስተኛ፣ ወደ ተፈጥሮና መናፈሻዎች ባለሥልጣን ሞኬድ ደውሉ፤ ኮኻቪት 3639 ነው። ዕብራይስጡ ካስቸገራችሁ የልጅ ልጃችሁ ይደውል፣ እናንተ ንገሩት። ጠባቂዎቹ ጉዳት የደረሰባቸውን እንስሳት ራማት ጋን ሳፋሪ ወዳለው የዱር እንስሳት ሆስፒታል ይወስዳሉ። ይህ ሆስፒታል የተቋቋመው በ2005 ነው።

አራተኛ፣ የእናንተ እውቀት የሚፈለገው እዚህ ላይ ነው። ጠባቂው እስኪደርስ ድረስ ሚዳቋዋ ተነስታ ቁጥቋጦ ወይም ፓርዴስ ውስጥ ገብታ ትሰወር ይሆናል። የመጨረሻውን ደም ያያችሁበት ቦታ ላይ ምልክት አኑሩ። ወዴት እንዳቀናች፣ ደሙ ምን ዓይነት እንደሆነ፣ እግሯን ትጎትት እንደሆነ ልብ በሉ። በዱካው ላይ አትርገጡ። ጠባቂው ሲመጣ “እዚህ ተገጨች፣ በዚህ ወጣች፣ የኋላ ግራ እግሯ ነው” ብሎ የሚነግረው ሰው ካገኘ ፍለጋው ያጥራል፣ ስቃይዋም ያጥራል።

አንድ ነገር ልጨምር። ሣር ውስጥ ብቻዋን የተኛች ግልገል ብታዩ “እናቷ ጥላት ሄደች” ብላችሁ አታንሷት። እናቲቱ ደብቃት ነው የምትሄደው፣ ተመልሳ ታጠባታለች። ግልገሏ ካልቆሰለች ባለችበት ትቆይ። ውሻ ያላችሁም ሜዳ ስትወጡ በገመድ ያዙት። ሽቦ አጥር ላይ የተንጠለጠለ ማነቂያ ወይም ወጥመድ ካያችሁ ደግሞ ለዚያው ሞኬድ ንገሩ። ወጥመድ ማጥመድ ወንጀል ነው።

የሚወረስ ነገር

ብዙ ሽማግሌዎች “በዚህ አገር እኛ የምናውቀው ነገር ለማንም አይጠቅምም” ሲሉ ይሰማል። ልጁ በፔላፎን መንገድ ይፈልጋል፣ አባቱ በዛፍና በኮረብታ። ልጁ ዕብራይስጥ ያነባል፣ አባቱ መሬት ያነባል። መሬት ማንበብ ግን በዚህ አገር የተከበረ ሙያ ነው። በሠራዊቱ ውስጥ “ጋሻሽ” የሚባሉት ዱካ ፈላጊዎች፣ ብዙዎቹ ቤዱዊኖች፣ ይህንኑ ከአባቶቻቸው የተማሩት ናቸው።

ስለዚህ የመጀመሪያው ዝናብ ዘንቦ ጭቃው ጠንከር ሲል የልጅ ልጆቻችሁን ይዛችሁ በሞሻቮቹ መካከል ባለው የእርሻ መንገድ ውጡ። የቀበሮ፣ የጃርት፣ የጥንቸል፣ የዱር አሳማ ኮቴ ታገኛላችሁ። “ይህ ሲሄድ ነው ወይስ ሲሮጥ?” ብላችሁ ጠይቋቸው። “ትናንት ነው ወይስ ዛሬ ጠዋት?” በሏቸው። እየሳቁም ቢሆን ያያሉ። ጥቂት ቆይተው ራሳቸው እየቀደሙ ያሳዩአችኋል። አንድ ቀን በመንገድ ዳር ደም ቢያዩ አልፈው አይሄዱም፤ የማን እንደሆነ፣ ወዴት እንደሄደች ይጠይቃሉ። መደወልንም አይረሱም።